ዱባይ «ባዶ አሸዋ» ነበረች? ስለ ኤምሬትስ ምድር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሰው ዱባይን ሳይጠራ ከመድረክ አይወርድም። «ከ50 ዓመት በፊት ባዶ አሸዋ ነበረች፤ ዛሬ ግን እዩዋት!» ይላል። አዳራሹም ያጨበጭባል። ስንት ወገኖቻችን እዚያ እየሠሩ፣ ስለ አገሩ የምናወራው ግን ሁሌም ከሕንፃው ጀምረን ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እንደ አገር የቆመችው ዲሴምበር 2 ቀን 1971 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ስለነበረው የሚወራው ብዙ ነው፤ ብዙው ደግሞ ስህተት ነው።

«ሰው ያልኖረበት በረሃ ነበር»

ከሰባቱ ኤምሬቶች (ግዛቶች) አንዷ በሆነችው ሻርጃ ውስጥ ጀበል ፋያ የሚባል ተራራ አለ። ከሥሩ ተቆፍረው የወጡት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜ 125,000 ዓመት ገደማ ነው። ያኔ አካባቢው ዝናብ ያገኝ፣ ሣር ያበቅል ነበር። ግኝቱ በ2011 ሲታተም አጥኚዎቹ መሣሪያዎቹ ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካዎቹ ጋር እንደሚመሳሰሉ ጻፉ። ሰዎቹ በባብ ኤል መንደብ በኩል ተሻግረው ሳይሄዱ አይቀሩም የሚል ሐሳብም አቀረቡ። በእኛ በኩል ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። አቡዳቢ ግዛት ውስጥ ማራዋህ በተባለች ደሴት ላይ 8,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ ከድንጋይ የተሠራ መንደር ተገኝቷል። ከአንዱ ቤት ወለል ላይ የተገኘችው ዕንቁም የዚያኑ ያህል ታረጃለች። ኡም አን ናር ደሴት ላይ ደግሞ ዴንማርካውያን አርኪዮሎጂስቶች በ1959 ቁፋሮ ሲጀምሩ፣ በተጠረበ ድንጋይ የተገነቡ ክብ መቃብሮች አገኙ። ከ4,000 ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። የሱመር ጽሑፎች «ማጋን» የሚሉት፣ መዳብ የሚመጣበት አገርም ይኸው አካባቢ ከዛሬዋ ኦማን ጋር ነው። ሜሶፖታሚያ (የዛሬዋ ኢራቅ) ድረስ መዳብ የሚልክ ምድር እንዴት ባዶ ይባላል?

«ሕዝቡ ሁሉ ግመል ጠባቂ ዘላን ነበር»

ዘላን ነበረ፤ ማንም አይክድም። ግን ግመል እዚያ ለማዳ ሆና ጭነት መሸከም የጀመረችው የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ ነው። እነዚያን ክብ መቃብሮች የሠሩት ሰዎች የሚጭኗት ግመል አልነበረቻቸውም።

በዚያው ዘመን፣ የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ፣ ሌላ ነገርም መጣ፦ ፈላጅ። የከርሰ ምድር ውኃን ከተራራው ሥር ጀምሮ በመሬት ውስጥ ቦይ እስከ እርሻው የሚያመጣ ሥርዓት ነው። ሞተር የለው፣ ፓምፕ የለው፤ ቁልቁለቱን በትክክል መለካት ብቻ። አል ዐይን ከተማ ሂሊ የተባለው ሥፍራ ላይ ከጥንቶቹ አንዱ ይገኛል። ውኃው ለገበሬዎች በየተራ ይከፋፈል ነበር። ቴምሩ የሚበቅለው በዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ያንን ምድር ያኖረው ባሕሩ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጋስፓሮ ባልቢ የተባለ የቬኒስ ጌጣጌጥ ነጋዴ በ1580 የዕንቁ ቦታዎችን ሲዘረዝር ዱባይንም ጠቅሷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከዚህ ዳርቻ ብቻ ከ1,200 የሚበልጡ ጀልባዎች 22,000 ያህል ሰው ይዘው ለዕንቁ ይወጡ ነበር። ለዚያ ዘመን ሕዝብ ይህ ከባድ ቁጥር ነው። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ባሕር ላይ ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ አራት ወር ገደማ፣ ጀልባ ላይ ይታደራል። ጠላቂው አፍንጫውን በቀንድ ወይም በኤሊ ልባስ መቆንጠጫ ይዘጋል። እግሩ ላይ ድንጋይ ያስራል፤ አንገቱ ላይ የገመድ ቅርጫት ያንጠለጥላል። ወርዶ አንድ ደቂቃ ተኩል ባልሞላ ጊዜ ዛጎል ይለቅማል። ከዚያ ገመዱን ሲስብ ላይ ያለው ባልደረባው ጎትቶ ያወጣዋል። ትንሽ ይተነፍስና ተመልሶ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ። ሆድ ከሞላ መጥለቅ ስለሚከብድ ጠላቂው ቀን የሚቀምሰው ቡና እና ጥቂት ቴምር ነው፤ ራት ከመሸ በኋላ ይመጣል። ዛጎሉ የሚከፈተው በማግስቱ ጠዋት ናኾዳው፣ ማለትም የጀልባው አለቃ፣ ዓይኑን ተክሎ እያየ ነው። ብዙው ዛጎል ባዶ ነው።

ደመወዝ የለም፤ ድርሻ ነው ያለው። ጠላቂው ወቅቱ ሳይገባ ለቤተሰቡ ቀለብ ብድር ይወስዳል። ዓመቱ ካልቀናው ዕዳው ለከርሞ ያድራል፤ ሲሞትም ለልጁ ይተርፋል። ስለ ዕንቁ ዘመን በናፍቆት ሲወራ እሰማለሁ፤ ዕዳውን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ወንዶቹ ባሕር ላይ ሳሉ የብዙዎቹ ቤተሰብ ቴምር ለመልቀም ወደ ሊዋ ወይም ወደ አል ዐይን ይሄድ ነበር። በሙቀቱ ወራት ጠላቂ የነበረው ሰውዬ በቀዝቃዛው ወራት ግመሉ ዘንድ ይገኛል። ታዲያ ይህን ሰው ዘላን እንበለው፣ ገበሬ ወይስ ባሕረኛ?

«የባሕር ወንበዴዎች ጎሬ ነበር»

እንግሊዞች ዳርቻውን በካርታቸው ላይ «የወንበዴዎች ዳርቻ» ብለው ጽፈውታል። የሚከሱትም በራስ አል ኸይማ እና በሻርጃ የነበሩትን፣ ቀዋሲም የተባሉትን ገዥ ጎሣ ነው። በ1809 እና በ1819 ራስ አል ኸይማን በመርከብ ደበደቡ። በ1820 ውል አስፈረሙ፤ በ1853 ደግሞ የባሕር ላይ ጦርነትን ለዘለቄታው የሚከለክል ሌላ ውል ተጨመረ። ከቀዋሲም ወገን የሆኑት የዛሬው የሻርጃ ገዥ ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አል ቃሲሚ የታሪክ ምሁርም ናቸው። የውንብድናው ክስ የሕንድን ንግድ ለመቆጣጠር የተፈጠረ ሰበብ ነው ብለው ይከራከራሉ። በእኔ ግምት መርከብ መዝረፉ ፈጽሞ አልነበረም ማለት ይከብዳል። ግን መዝገቡን የጻፈው ተፎካካሪው ነጋዴ ራሱ መሆኑ መረሳት የለበትም።

«የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበር»

በትክክል አይደለም። በ1892 በተፈረመው ውል የየግዛቱ ገዥ የሆኑት ሼኮች ያለ እንግሊዝ ፈቃድ ከሌላ መንግሥት ጋር ላይዋዋሉ፣ መሬትም ላይሰጡ ቃል ገቡ። የውጭ ጉዳዩ በእንግሊዝ እጅ ገባ፤ የውስጡን የሚያስተዳድሩት ግን ሼኮቹ ነበሩ። እንግሊዝም ቢሆን ገንዘቧን እዚያ አላፈሰሰችም። ትምህርት ቤትና ሐኪም ለረጅም ጊዜ ብርቅ ነበር። መገበያያው ከሕንድ የመጣ ሩፒ ነበር፤ እኛ ዘንድ የምናውቃት የማርትሬዛ ብርም በዚያ አካባቢ ትሠራ ነበር።

«ሐበሻ እዚያ የደረሰው በእኛ ዘመን ነው»

ይህኛው ያማል። ሐበሾች ለቤት ሠራተኝነት ኤርፖርት ከመሰለፋቸው ብዙ ቀድሞ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻም ከኢትዮጵያም በባርነት ተሸጠው ወደ ባሕረ ሰላጤው የተወሰዱ ነበሩ። ዕንቁ ጠልቀዋል፣ ቴምር ተክለዋል፣ በሰው ቤት አገልግለዋል። የጠላቂው ድርሻ ለጌታው ይሄድ ነበር። አንዳንዶቹ አምልጠው ወደ እንግሊዝ ወኪሎች እየሄዱ የነፃነት ወረቀት ጠይቀዋል። ያኔ የሰጡት ቃል፣ የት እንደተወለዱና እንዴት እንደተወሰዱ፣ እስከ ዛሬ ለንደን መዛግብት ውስጥ አለ። በዚያ ዳርቻ ባርነት በይፋ የታገደው በ1963 ነው።

«የነዳጅ ዘይት ባይገኝ ዱባይ አትኖርም ነበር»

ለአቡዳቢ ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም። ዘይት የተገኘው በ1958፣ ወደ ውጭ መላክ የተጀመረው በ1962 ነው። የዱባይ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፋርስ (የዛሬዋ ኢራን) በሊንጌህ ወደብ ቀረጥ ስታከብድ ዱባይ ቀረጧን አነሳች። ነጋዴዎቹም ባሕሩን ተሻግረው መጡ። በ1930ዎቹ የጃፓን እርባታ ዕንቁና የዓለም ኢኮኖሚ ድቀት የዕንቁውን ገበያ ሲገድሉት ብዙ ቤት ተራበ። ዱባይን ያወጣት ንግድ ነው። ደለል የሞላውን የባሕር ሰርጧን በብድር ገንዘብ አስጠርጋ ትላልቅ ጀልባዎችን አስገባች። ኤርፖርቷን በ1960 ከፈተች። ዘይት ያገኘችው በ1966 ነው።

«ሰባቱ ኤምሬቶች ከጥንት ጀምሮ አንድ ነበሩ»

ከሰባቱ አንዷ የሆነችውን ፉጃይራን እንግሊዝ ራሷን እንደቻለች ግዛት ያወቀቻት በ1952 ነው። እንግሊዝ በ1968 ለቅቄ እወጣለሁ ስትል የታሰበው ደግሞ የዘጠኝ ፌዴሬሽን ነበር፤ ባሕሬንና ኳታርም ይገቡበታል ተብሎ። ሁለቱ በ1971 የየራሳቸውን ነፃነት አወጁ። ዲሴምበር 2 ቀን የፈረሙት ስድስት ብቻ ናቸው። ራስ አል ኸይማ የገባችው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1972 ነው።