የሚሊ ክላስ ስኪል ሮቴሽንና ታይሚንግ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ለሚጫወት

ኦንላይን ጌም ላይ ሚሊ ክላስ (የተዋጊ አይነት) የሚባለው ጠላት ስር ተጠግቶ በሰይፍ፣ በጩቤ ወይ በቡጢ የሚመታው ነው፣ ወሪየር፣ ሮግ፣ ሳሙራይ፣ መንክ ምናምን። ሮቴሽን ደሞ ስኪሎቹን፣ ማለትም ተዋጊው ያሉትን ልዩ ምቶች፣ በየትኛው ቅደም ተከተልና በስንት ሰአቱ እንደምትጫን ነው። ቅደም ተከተሉን ብዙ ልጅ በአንድ ቀን ይሸመድደዋል፣ ዳሜጁ (ጠላት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት) ግን አይወጣለትም፣ ለምን ቢባል ዳሜጅ የሚባክነው በስኪልና በስኪል መሀል ባለችው ክፍተት ነዋ። ጣቱ ፈጣን የሆነ ሁሉ ጥሩ ሚሊ አይሆንም።

መጀመሪያ ጂሲዲን (ግሎባል ኩልዳውን) ማወቅ አለብህ፣ አንድ ስኪል ስትጫን ሌሎቹም አብረው የሚቆለፉባት አጭር ጊዜ ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ጌም ላይ ለአብዛኛው ክላስ 1.5 ሰከንድ ነው፣ ለሮግ 1 ሰከንድ፣ ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ ደሞ መነሻው 2.5 ሰከንድ ነው። እስቲ እናስላው፣ 5 ደቂቃ የሚፈጅ ቦስ (ትልቁ ጠላት) ላይ በ1.5 ሰከንድ 200 ስኪል ይገባል፣ ስኪሉ መከፈቱን በአይንህ አይተህ ከዛ የምትጫን ከሆነና በየመሀሉ 0.15 ሰከንድ ብቻ ካባከንክ ግን 181 አካባቢ ላይ ትቀራለህ። ወደ 18 ምት ዝም ብሎ ጠፋ ማለት ነው።

ለኛ አገር ተጫዋች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሰርቨሩ (ጌሙን የሚያስኬደው ኮምፒውተር) አውሮፓ ነው ያለው፣ ዳታው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ወርዶ ከአገር ወጥቶ በባህር ስር ኬብል ነው የሚሄደው፣ ስለዚ ፒንጋችን (ዳታው ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀው ሚሊሰከንድ) ሶስት ዲጂት ሆኖ መዋሉ የተለመደ ነው። መድሀኒቱ ቀድሞ መጫን ነው። ዋርክራፍት ጂሲዲው ሊያልቅ 400 ሚሊሰከንድ ሲቀረው የተጫንከውን ተቀብሎ ወረፋ ያስይዝልሀል፣ ልክ ሲከፈት ራሱ ያወጣዋል። ይሄን ቁጥር ከሴቲንግ ቀንሱት የሚል ምክር ብዙ ይገኛል፣ እሱ ሰርቨር አጠገቡ ላለ ሰው የተጻፈ ነው፣ እኛ ባንነካው ይሻለናል።

ፋይናል ፋንታሲ ላይ ጂሲዲ የማይነካቸው ስኪሎች አሉ፣ በሁለት ዋና ምት መሀል ነው የሚሰኩት። ሁለት ሰው በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጥ የአንዱ ዘነዘና ሲነሳ የሌላው እንደሚገባው ማለት ነው፣ የሁለተኛው ከዘገየ የመጀመሪያውም ተራውን ያጣል። ፒንግ ከፍ ሲል በመሀል ሁለት ማስገባት ይጠባል፣ በተለይ እንደ መንክ ጂሲዲው ለሚያጥር ክላስ፣ ስለዚ አንድ አንድ እያረጉ ማስገባት ያዋጣል ባይ ነኝ።

ሚሊን ከቀስተኛና ከማጂሺያን የሚለየው ርቀት ነው። ቦሱ ሲንቀሳቀስ ወይ መሬት ላይ እሳት ሲያነጥፍ መራቅ ግድ ይሆናል፣ የራቅክባት እያንዳንዷ ጂሲዲ ደሞ ባዶ ናት። ጎበዝ ሚሊ ቦሱ መቼ እንደሚዘል ያውቃል፣ መጠጊያ ስኪሉን ለዛ ያስቀምጣል፣ አጥቅቶ ይወጣል፣ አጥቅቶ ይገባል። ኤነርጂም (ስኪል ለመጫን የሚከፈለው ሀይል) እንደዛው ነው፣ ሮግ ላይ ሞልቶ ቁጭ ካለ ከዛ በላይ አይጠራቀምም፣ ያለፈህ አለፈህ።

እዚህ አካባቢ አብዛኛው ልጅ በስልክ ስለሚጫወት ሞባይል ሌጀንድስንም ማየት ያስፈልጋል። አሉካርድ የሚባለውን ጀግና እንውሰድ፣ ከእያንዳንዱ ስኪል በኋላ የሚመጣው ተራ ምቱ ጠላት ላይ እየዘለለ ተጨማሪ ዳሜጅ ይሰጣል። ጀማሪ ግን ስኪሎቹን ሁሉ ተራ በተራ ድድድ አርጎ ይለቃቸዋል፣ በየመሀሉ ያሉትን ምቶች ያቃጥላል፣ ከዛ ጀግናው ደካማ ነው ብሎ ይቀይረዋል። አንድ ስኪል፣ አንድ ምት፣ አንድ ስኪል፣ አንድ ምት፣ በቃ ይሄ ነው ልዩነቱ፣ ያው ሰው ያው ጀግና ሆኖ ፋይቱ ይገለበጣል።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ በተለይ ህዳርና ታህሳስ ማታ ማታ ጣት ይደርቃል፣ የደረቀ ጣት ደሞ ታይሚንግ ይስታል፣ እጅን ሳያሞቁ ራንክ (ደረጃ የሚያስገኘው ጨዋታ) መግባት ልክ አይደለም። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ችግሩ ይገለበጣል፣ ስልኩ ራሱ ይግላል፣ ሲግል ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ፍሬም (በሰከንድ የሚታየው ምስል ብዛት) ይወርዳል፣ የለመድከው ሪትም ስክሪኑ ላይ አይታይህም። ቻርጅ ላይ ሰክቶ አለመጫወት፣ ከቨሩን ማውጣት፣ ግራፊክሱን ዝቅ ማረግ በጣም ያግዛል።

ልምምድ ላይ ሜትሮኖም አፕ (እኩል ምት እየቆጠረ የሚያሰማ) የምወደው ያለ ኔት ስለሚሰራ ነው፣ ኔት በሌለበት ሰአትም ጣት ይለመዳል። 1.5 ሰከንድ ማለት በደቂቃ 40 ምት ነው፣ 2.5 ሰከንድ 24፣ የሮግ 1 ሰከንድ 60። ድምጹን ከፍተህ ጠረጴዛ ላይም ቢሆን ቅደም ተከተሉን በጣትህ ምታው፣ ኔት ሲመጣ ዳሚ (ጌሙ ውስጥ ያለ የመለማመጃ አሻንጉሊት) ላይ፣ ዳሚው ላይ ሳትሳሳት 5 ደቂቃ ሙሉ መሄድ ስትችል ቦስ ላይ ግባ።