ዱባይ፦ ገዢና ሻጭ የሚተዋወቁባት ከተማ

ዱባይ ሲባል ለብዙ ሀበሻ መጀመሪያ የሚመጣለት ዴይራ ነው፣ ናይፍ ነው፣ ልብስና ስልክ በሻንጣ ጠቅጥቆ መመለስ ነው፣ መርካቶ ሱቅ ያለው ደሞ ድራጎን ማርትን ሳያነሳ አይቀርም። ይሄ ሁሉ እኛ የምንገዛባት ዱባይ ናት። ሌላኛዋ ዱባይ ግን አለች፣ ዓለም ተሰብስቦ ቢዝነስ ካርድ የሚለዋወጥባት፣ ለሰሊጥና ለቡና ገዢ የሚገኝባት፣ አንድ ላኪ በአራት አምስት ቀን ውስጥ ቢሮው ቁጭ ብሎ ዓመት ሙሉ የማያገኘውን ሰው የሚያገኝባት። እሷን በደንብ አናውቃትም፣ ስለዚ ይሄ ጽሁፍ ስለሷ ነው። ዓመትና ወር ስጠቅስ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከነዳጅ በፊት ነው። ዱባይ ነዳጅ ያገኘችው በ1966 ሲሆን ነጋዴ መሰብሰብ የጀመረችው ግን ከዛ በጣም ቀድማ ነው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ከባህሩ ማዶ ያሉት የፋርስ ወደቦች ላይ ቀረጡ ሲከብድ ነጋዴዎቹ እየተሻገሩ መጡ፣ የዱባይ ገዢም ቀረጡን አንስቶ ተቀበላቸው። በ1930ዎቹ የሉል ንግድ ሲወድቅ ከተማዋን የደገፋት ይሄው ከዛ ተቀብሎ ወደዚህ ማሻገሩ ነው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ክሪክ የሚሉት የባህር ክንድ በደለል እየተሞላ መርከብ አላስገባ ሲል ሼክ ራሺድ በብድር ብር አስጠረጉት፣ ይሄ 1960 አካባቢ ነው። ከዛ የንግድ ምክር ቤቱ በ1965፣ ፖርት ራሺድ በ1972፣ ጀበል አሊ ወደብ በ1979፣ የጀበል አሊ ነፃ ቀጠና በ1985 እያለ ቀጠለ።

ለኛ ርዕስ ዋናው ህንፃ የዱባይ ወርልድ ትሬድ ሴንተር ነው። በ1979 ነው የተከፈተው፣ የመረቁት ደሞ የእንግሊዟ ንግስት ኤልሳቤጥ ናቸው፣ 39 ፎቅ ያለው ነጭ ህንፃ ሲሆን ያኔ ዙሪያው አሸዋ ነበር፣ በወረቀቱ ባለ 100 ድርሃም ብር ኖት ላይ ያለው ህንፃ እሱ ነው። ፎቁ ራሱ አሁን በዱባይ ልክ አጭር ነው፣ ከስሩ የተዘረጉት አዳራሾች ናቸው ስራውን የሚሰሩት። ሰው ዱባይን በረጃጅም ፎቅ ነው የሚያውቃት፣ እኔ ግን ከተማዋን ከተማ ካደረጓት ነገሮች መሃል እነዚህን ዝርግ አዳራሾች ከፊት ነው የማስቀምጣቸው፣ ምክንያቱም እርሻ የላት፣ ሰፊ ህዝብ የላት፣ ነዳጁም ቢሆን ዛሬ ከኢኮኖሚዋ ጥቂት ድርሻ ነው ያለው፣ ያላት ትልቅ ሃብት ገዢና ሻጭን አንድ ጣራ ስር ማገናኘቷ ነው።

ኤግዚቢሽኖቹ ወቅት አላቸው። የነሱ በጋ፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያለው፣ አይቻልም፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ነገሮች የሚሟሟቁት ከኦክቶበር እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ነው፣ ረመዳን በዛ ውስጥ ሲገባም ትልልቆቹ ከሱ ሸሸት ብለው ነው ቀን የሚይዙት። ከቀደምቶቹ አንዱ አረብ ሄልዝ ሲባል የቆየው የህክምናው ነው፣ ከ2026 ጀምሮ ስሙ ደብሊውኤችኤክስ ሆኗል፣ 1975 ላይ ነው የተጀመረው፣ አዲስ አበባ ያሉ የህክምና እቃ አስመጪዎች በደንብ ያውቁታል። ቢግ ፋይቭ የኮንስትራክሽን ነው፣ ከ1980 ጀምሮ አለ፣ ሴራሚኩ አሉሚኒየሙ ሊፍቱ ምኑ ሁሉ እዛ ነው። ጂቴክስ የቴክኖሎጂ ነው፣ በ1981 የኮምፒውተር ኤግዚቢሽን ሆኖ ጀምሮ አሁን ስታርታፕ ያለው ወጣት ሁሉ የሚመኘው ሆኗል፣ ከ2023 ጀምሮ ደሞ የአፍሪካው ጂቴክስ ሞሮኮ ማራካሽ ላይ ይካሄዳል። የቱሪዝሙ አረቢያን ትራቭል ማርኬት ከ1994 ጀምሮ አለ። አውቶመካኒካ የመኪና መለዋወጫ ነው፣ ሶማሌ ተራ የሚሰራ ሰው ስሙን ሲሰማ ፊቱ ይበራል፣ ቢውቲወርልድ ደሞ የኮስሞቲክስና የፀጉር።

ኤርሾው ለብቻው ይነሳ፣ በሁለት ዓመት አንዴ ኖቬምበር ላይ ነው፣ ቦታውም አል መክቱም ኤርፖርት ነው። በ2023ቱ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 11 ድሪምላይነርና 20 ቦይንግ 737 ማክስ ለመግዛት ተስማማ፣ ተጨማሪ 36 አውሮፕላን የመግዛት መብትም ያዘ፣ ያኔ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ለቦይንግ ከቀረቡት ትዕዛዞች ሁሉ ትልቁ ነው ተብሏል። ኤርባስ ኤ350ም እዛው አዟል። እንዲህ ያለ ስምምነት እዛ አዳራሽ ውስጥ በሶስት ቀን የሚያልቅ አይደለም፣ ወራት ተደራድረውበት መድረኩ ላይ ይፈረማል፣ ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ትንሹም ላኪ ጋ የሚሰራው እንደዛው ነውና።

ለኢትዮጵያ ግን ዋናው ገልፉድ ነው። በ1987 የተጀመረ የምግብና መጠጥ ኤግዚቢሽን ነው፣ አሁን ከ5,000 በላይ ኩባንያ እቃውን ይዞ ይቀርብበታል፣ በ2026 ብዛቱ ከአንድ ቦታ አልፎ በወርልድ ትሬድ ሴንተርና በኤክስፖ ሲቲ ተከፍሎ ነው የተካሄደው። ኤክስፖ ሲቲ ማለት ኤክስፖ 2020 የተካሄደበት ነው፣ ያ በኮሮና ምክንያት ከኦክቶበር 2021 እስከ ማርች 2022 የሆነው፣ ኢትዮጵያም የራሷ ፓቪሊዮን፣ ማለትም የአገር ማሳያ ቤት፣ ነበራት። ከመሃል ከተማ ራቅ ያለ ነው፣ በሜትሮ ቀይ መስመር ጫፍ ላይ፣ ስለዚ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የናንተ ዘርፍ የትኛው ቦታ እንደሆነ እዩ፣ አለዚያ ቀናችሁ ባቡር ላይ ነው የሚያልቀው።

ገልፉድ ላይ ከኛ የሚሄደው ሰሊጥ ነው፣ ቦሎቄ፣ ሽምብራ፣ ማሾ፣ ቅመማ ቅመም፣ ቡና፣ ስጋ። ስጋው እነሞጆና ቢሾፍቱ ያሉ ቄራዎች የታረደ በግና ፍየል አቀዝቅዘው በአውሮፕላን የሚልኩት ነው፣ ዋና ገበያውም ኤምሬትስና ሳዑዲ ናቸው፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ 4 ሰዓት አካባቢ በረራ ስለሆነ ትኩስነቱን እንደያዘ ይደርሳል፣ አውስትራሊያና ብራዚል ይሄን ቅርበት የላቸውም። ሰሊጡ ደሞ የሁመራ ሲባል የሚያውቅ ሰው ጆሮው ይቆማል፣ ፍሬው ነጭ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ጣሂናና ሀላዋ የሚሰሩት ይፈልጉታል። ግን ጣሂናው በሌላ አገር ስም ታሽጎ ነው መደርደሪያ ላይ የምናየው፣ ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል። ጥሬውን ለሚሸጥ ሰው ስታንዱ ላይ፣ ማለትም እቃውን በሚያሳይበት ቦታ ላይ፣ ያለው አንድ ሰሃን ፍሬ ነው፣ ጎረቤቱ ያለው ቱርክ ግን ሃምሳ አይነት የታሸገ ነገር ደርድሯል፣ ሰውም ወደሱ ነው የሚሳበው።

ቡናው የራሱ ቤት አግኝቷል። ወርልድ ኦፍ ኮፊ የሚባለው ዝግጅት ከ2022 ጀምሮ ዱባይ ላይ በየዓመቱ እየተካሄደ ነው፣ ዲኤምሲሲ የሚባለው ነፃ ቀጠና ደሞ ከ2019 ጀምሮ ቡና የሚቀመጥበት፣ የሚቆላበትና የሚቀመስበት ማዕከል ጀበል አሊ ላይ ከፍቷል። አንድ እግር ቡና የማይበቅልባት ከተማ የቡና ገበያ ልሁን ስትል ይገርማል፣ ግን ሲታሰብ ልክ ናት፣ የባህረ ሰላጤው ሰው ከጥንት ቃህዋ ጠጪ ነው፣ ለስለስ ብሎ የተቆላ ሄል የገባበት፣ የሀረር ቡናም እዛ ሰፈር ስሙ ከበፊት ጀምሮ ይታወቃል። አሁን በላዩ ላይ ስፔሻሊቲ የሚሉትን ምርጥ ቡና የሚፈልጉ ወጣት ቆይዎች መጥተዋል፣ እነሱ ይርጋጨፌና ጉጂ ብቻ ብትሏቸው አይበቃቸውም፣ የትኛው ጣቢያ ነው የታጠበው፣ ከፍታው ስንት ነው፣ ናቹራል ነው (ሳይታጠብ የደረቀ) ወይስ ታጥቦ፣ ከፒንግ ላይ፣ ማለትም ሲቀመስ፣ ስንት ነጥብ አመጣ ብለው ነው የሚጠይቁት፣ ይሄን መመለስ የሚችል ሰው ስታንዱ ላይ መቆም አለበት፣ ባለቤቱ ባይችል ቀማሹን ይዞ ይሂድ።

አሁን አሰራሩን ልንገራችሁ። ቦታው በካሬ ሜትር ነው የሚከራየው፣ ትንሹ ብዙ ጊዜ 9 ካሬ አካባቢ ሆኖ ግድግዳ፣ ጠረጴዛና የስም ፅሁፍ ያለው ነው፣ ትልልቆቹ ባዶ ቦታ ተከራይተው ራሳቸው ያስገነባሉ። አገሮች ሰፊ ቦታ ይዘው ለኩባንያዎቻቸው ያከፋፍላሉ፣ ይሄ የአገር ፓቪሊዮን የሚባለው ነው፣ የኛም ላኪዎች ብዙውን ጊዜ በማህበራቸውና በኤምባሲ ወይ በቆንስላ በኩል ተሰባስበው ነው የሚወጡት። ጎብኚ ደሞ ቀድሞ ኦንላይን ተመዝግቦ ከፍሎ ባጅ ያወጣል፣ ቀድሞ የተመዘገበ በርካሽ ይገባል። ባጁ ላይ ያለውን ኮድ በስልክ ስካን አድርጎ አድራሻ መያዝ ተለምዷል፣ ግን ቢዝነስ ካርድ አልሞተም፣ በተለይ ከአረብና ከህንድ ነጋዴ ጋር ካርድ ሰጥቶ ካርድ ተቀብሎ አንብቦት ኪስ ውስጥ ማስገባት ክብር ነው፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ምን እንደተባባላችሁ እዛው ፃፉበት፣ ማታ ሆቴል ስትገቡ ስልሳ ካርድ ሆኖ ማን ማን እንደሆነ አታውቁትም።

የመጀመሪያው ቀን ሰው ዝም ብሎ ይዞራል፣ ዋጋ ይጠይቃል ይሄዳል። ከባዱ ንግግር መሃል ላይ ባሉት ቀናት ነው፣ ያ ሰውዬ ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ ከመጣና ወንበር ስቦ ከተቀመጠ ያኔ ገዢ ነው። መጠኑን፣ የክፍያውን መንገድ፣ ኤልሲ ነው (ባንክ ለክፍያው ዋስ የሚሆንበት) ወይስ ሲኤዲ (ሰነዱ ባንክ ሲደርስ የሚከፈልበት)፣ ዋጋው ጂቡቲ ድረስ ያለውን ወጪ ነው የያዘው ወይስ ጀበል አሊ ድረስ ያለውን የሚለውን ይጠይቃል። እዚህ ላይ ዋጋ ቶሎ ለመስጠት የሚቸኩል ሰው አለ፣ ቡና ከሆነ ግን የቡናና ሻይ ባለስልጣን የሚያወጣው ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ስላለ ከሱ በታች ቃል መግባት አይቻልም፣ ኮንትራቱም መመዝገብ አለበት። ድሮ ዶላር በጠፋበት ጊዜ ቡናና ሰሊጡን በኪሳራ ሸጦ በሚያስገባው እቃ የሚያካክስ ነጋዴ ነበር፣ ገዢዎቹም ይሄን አውቀው ዋጋ ይደቁሱብን ነበር፣ ጁላይ 2024 ላይ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያ ምክንያት ቀንሷል። ከሁሉ በላይ ስም የሚያጠፋው ግን ኮንትራት ፈርሞ ዋጋ ሲጨምር አላስረክብም ማለት ነው፣ አንድ ሰው ይሄን ካደረገ አጠገቡ የቆሙት የሰሩትን ሁሉ ነው የሚያበላሽባቸው።

ማጭበርበርም አለ። ኢሜይል ላይ የኤግዚቢሽኑ ተሳታፊዎች ዝርዝር እንሽጥላችሁ የሚል ይመጣል፣ ካታሎግ ላይ ስማችሁን እናውጣ ብሎ ሂሳብ የሚያስከትል ይመጣል፣ ትልቅ ጨረታ አለ ግን መጀመሪያ የምዝገባ ክፈሉ የሚልም አለ። ዱባይ ያለ ድርጅት ሁሉ ትሬድ ላይሰንስ አለው፣ ላኩልኝ ማለት ነውር አይደለም፣ ቁጥሩንም ማጣራት ይቻላል። የቪዛ መጥሪያ እንሸጣለን ከሚሉትም ራቁ፣ ጥሪ ከአዘጋጁ ወይም ከምታውቁት ድርጅት ይምጣ።

ከአዳራሽ ውጪ ያለው ግንኙነት ደሞ ሌላ ዓለም ነው። የዱባይ ንግድ ምክር ቤት ከ2013 ጀምሮ የአፍሪካ መሪዎችና ነጋዴዎች የሚገናኙበት ፎረም ሲያዘጋጅ ቆይቷል፣ በዛው ዓመት አዲስ አበባም ቢሮ ከፍቷል፣ ስለዚ ዱባይ ገዢ የሚፈልግ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት እዚሁ አንኳኩቶ መጠየቅ ይችላል። ማታ ማታ እራት አለ፣ በረመዳን ኢፍጣርና ሱሁር ላይ የሚገናኙት ሰዎች በኤግዚቢሽን ከሚገናኙት የበለጠ ይቀራረባሉ፣ የተጠራ ሰው ባይፆምም ይሂድ። ዴይራ ባሉ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ደሞ ክትፎ እየተበላ የትኛው ገዢ በሰዓቱ ይከፍላል፣ የትኛው ያጓትታል የሚለው ወሬ ይገኛል፣ ይሄ ወሬ በምንም ካታሎግ ላይ አይፃፍም። እዛ ለዓመታት የኖሩ አረብኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ እህቶችና ወንድሞች አሉን፣ አንዳንዶቹ በቤት ስራ ገብተው ዛሬ የራሳቸውን ካርጎ ወይም ሱቅ የከፈቱ ናቸው፣ ላኪዎቻችን ስታንድ ላይ አስተርጓሚ ፍለጋ ከሚደክሙ እነሱን ከፍለው ቢያቆሙ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ስራው ይጀመራል። በሳምንቱ ውስጥ ለሁሉም ኢሜይል ወይም ዋትሳፕ መፃፍ፣ ናሙና በአየር መላክ፣ ናሙናውን ከወደደ ኮንትራት፣ ከዛ ባንክ፣ ከዛ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ጂቡቲ፣ መርከብ፣ ጀበል አሊ። ከመጀመሪያው ሰላምታ እስከ መጀመሪያው ኮንቴነር ስድስት ወር ቢፈጅ አይግረማችሁ። ብዙ ገዢ ደሞ የመጀመሪያውን ዓመት ምንም አይገዛም፣ ያያል ብቻ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዛው አዳራሽ ያው ሰው ያንኑ ሰሊጥ ይዞ ቆሞ ሲያገኘው ነው ቁጭ ብሎ ዋጋ የሚያወራው።