የማስል ካር አርማዎች፦ ኦሪጅናሉን ከኮፒው መለየት

ማስል ካር የሚባሉት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ፣ ትልቅ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር የተገጠመላቸው መኪኖች ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። ሸቭሮሌ ሸቬል፣ ካማሮ፣ ፎርድ መስታንግ፣ ዶጅ ቻርጀር እና ፕሊመዝ ሮድ ረነር በዚሁ ዘመን የገነኑ ናቸው። ተራው መኪናና ጉልበተኛው መኪና ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ቦዲ ነበራቸው። አላፊ አግዳሚው የሚለያቸው ፓራፋንጎው ወይም ግሪሉ ላይ በተገጠመች ትንሽ አርማ ነበር፤ "ኤስኤስ 396" (ኤስኤስ የሸቭሮሌ ጉልበተኛ ዓይነት፣ 396 የሞተሩ መጠን)፣ "ጂቲኦ"፣ "ሄሚ" (የክራይስለር ሞተር ስም) የምትል። ዛሬ እነዚህ መኪኖች ውድ ስለሆኑ አርማዎቻቸው በብዛት ኮፒ ይደረጋሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ሰው ግን ቶሎ ይቀላቅላቸዋል። አንደኛው፣ አርማው በዚያ ዘመን የተሠራ ነው ወይ? ሁለተኛው፣ መኪናው በእርግጥ አርማው የሚለውን ነው ወይ? ፍጹም ኦሪጅናል የሆነ አርማ ተራ መኪና ላይ ሊሰካ ይችላል። እውነተኛ መኪናም ኮፒ አርማ ለብሶ ይገኛል፤ ይሄ እንዲያውም በጣም የተለመደ ነው።

የዘመኑ የብረት አርማ በአብዛኛው ከዝንክ ቅይጥ የተሠራ ነው። ቅይጡ ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ሞልድ ውስጥ ይገባል። ሲወጣ መዳብ፣ ኒኬል፣ በመጨረሻም ክሮም ይለበጣል። በፊደሎቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ቦታ ቀለም ይሞላል። ከጀርባው ትናንሽ እግሮች አሉት። እግሮቹ በላሜራው ቀዳዳ ያልፉና ከውስጥ በዳዶ ወይም በክሊፕ ይያዛሉ። የዝንክ ችግሩ እርጥበት ነው። ክሮሙ ላይ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ እርጥበት ከገባ ዝንኩ ከሥር ይበላል፤ ክሮሙም እየተነፋ ይፈነዳል። ፊቱ ላይ ነጠብጣብ የያዘ አርማ የሚያስጠላ ቢሆንም ስለ ዕድሜው ምስክር ነው። ሃምሳ ዓመት ዝናብና የመንገድ ጨው ሲፈራረቅበት ኖሯል የተባለ አርማ እንደ መስታወት ካበራ ግን ጥያቄ መነሳት አለበት።

ኮፒ የሚሠራው በተለያየ መንገድ ነው። ርካሹ ዘዴ ከኦሪጅናሉ ላይ ሞልድ ማውጣት ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ትንሽ ስለሚሸማቀቅ እንዲህ የተወለደው ኮፒ ከአባቱ በጥቂቱ ያንሳል። የፊደሎቹም ጠርዝ ታጥቦ እንዳለቀ ሳሙና ይለዝባል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ይታያል፤ ለብቻው ሲታይ ግን ያታልላል። ደህናው ኮፒ አዲስ ሞልድ ተቀርጾለት፣ ከጂኤም (የሸቭሮሌና የፖንቲያክ ባለቤት)፣ ከፎርድ ወይም ከክራይስለር (የዶጅና የፕሊመዝ ባለቤት) ፈቃድ ተወስዶ የሚሠራው ነው። ይህ ፎርጅድ አይደለም፤ ማሸጊያው ላይም ፈቃድ ያለው መሆኑ ይጻፋል። ማጭበርበሩ የሚጀምረው አንዱ ከማሸጊያው አውጥቶ፣ ትንሽ አቆሽሾ "የፋብሪካ ነው" ብሎ ሲሸጠው ነው።

ስለዚህ አርማን መገልበጥ ያስፈልጋል። ፊቱ ለገዢ የተሠራ ነው፤ ወሬው ያለው ጀርባው ላይ ነው። ኦሪጅናሎች ብዙ ጊዜ ከጀርባቸው የክፍል ቁጥር አላቸው። በዚያ ዘመን የጂኤምና የክራይስለር ቁጥሮች ባለ ሰባት አሃዝ ነበሩ። የፎርዱ የበለጠ ያወራል። የመጀመሪያው ፊደል አሥርተ ዓመቱን ይነግራል፤ ሲ 1960ዎቹ፣ ዲ 1970ዎቹ ነው። ቀጥሎ ያለው አሃዝ ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛው ፊደል የመኪናው ዓይነት። "ሲ5ዜድ" ብሎ የሚጀምር ቁጥር ክፍሉ ለ1965 መስታንግ እንደተነደፈ ያመለክታል። የተነደፈበት እንጂ የተሠራበት ዓመት አይደለም። ያው ክፍል በ1966ቱ መኪና ላይ ቢገኝ ስህተት የለውም። ደግሞም ክፍሉ ላይ ያለው ቁጥርና ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር በፎርድ ቤት ላይመሳሰሉ ይችላሉ፤ አንዱ የመሐንዲሶቹ፣ ሌላው የመለዋወጫ ሽያጭ ክፍሉ ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ ኦሪጅናሉን "አይገጥምም" ብሎ ይመልሳል።

ቁጥር ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ከኦሪጅናል ላይ የተቀዳ ሞልድ ቁጥሩንም ይቀዳል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ጥርት ያለ ነው ወይስ የደበዘዘ የሚለው ይታያል። ጀርባው ለስላሳ ነው ወይስ አሸዋ የነካው ይመስላል? እግሮቹ ቀጥ ብለው በትክክለኛው ርቀት ላይ ናቸው? ኮፒ ሲሰካ አንዱ እግር ቀዳዳውን ስቶ፣ ባለቤቱ በሞረድ ሲያስፋው ማየት የተለመደ ነው።

ማግኔት ይዞ የሚመጣ ሰውም አለ። ትርፉ ድካም ነው። ዝንክን ማግኔት አይስበውም፤ ፕላስቲክንም፣ አሉሚኒየምንም እንዲሁ። ክብደት ይሻላል፤ ብረት መሆን የነበረበት አርማ ፕላስቲክ ሆኖ ከተገኘ እጅ ወዲያው ያውቀዋል። ሆኖም በዘመኑም በፋብሪካ የወጡ የፕላስቲክ አርማዎች ስለነበሩ መጀመሪያ የዚያን ሞዴል ታሪክ ማወቅ ይቀድማል።

ተለጣፊዎቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ፕሊመዝ ሮድ ረነር በ1968 ሲወጣ ከዋርነር ብራዘርስ ፈቃድ ገዝቶ የካርቱን ወፏን ለጠፈ። መኪናው አንዴ እንደገና ቀለም ከተቀባ ተለጣፊው ተነስቷል ማለት ነው። አዲስ ቀለም ላይ "ኦሪጅናል ተለጣፊ" የሚል ሻጭ ካጋጠመ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ ነገሩ ይጣፍጣል። የ1967 ካማሮ ዚ/28 (የካማሮ ጉልበተኛ ዓይነት) ሲወጣ የዚ/28 አርማ አልነበረውም። በ1968 መጀመሪያ ላይ ፓራፋንጎው ላይ የሞተሩ መጠን "302" ይጻፍ ነበር፤ "ዚ/28" የሚለው የገባው በዓመቱ አጋማሽ ገደማ ነው። እንግዲህ የ1967 መኪና ዚ/28 የሚል አርማ ካለበት በኋላ የተጨመረ ነው። በ1969 የተሠሩት 69 ዜድኤል1 (የልዩ ሞተር ስም ነው) ካማሮዎች ደግሞ ዛሬ እጅግ ውድ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው፤ ከውጭ ግን ስለ ሞተራቸው የሚናገር አርማ የላቸውም። ጀርመን ውስጥም መስታንግ የሚለው ስም በክሩፕ ኩባንያ ተይዞ ስለነበር መኪናው "ቲ-5" ተብሎ ይሸጥ ነበር። አንድ አዋቂ ነኝ ባይ እንዲህ ያለውን መኪና አይቶ "አርማው ጠፍቷል፣ ኦሪጅናሉን ላምጣልህ" ቢል መኪናውን ያበላሻል።

ጂቲኦም የራሱ ጨዋታ አለው። የ1964ቱ ፓራፋንጎ ላይ "6.5 ሊትር" ይላል። የሞተሩ መጠን 389 ኪዩቢክ ኢንች ስለሆነ ሲሰላ 6.4 ይጠጋል። አርማው ከፋብሪካ ሲወጣም ትንሽ አጋንኗል።

መኪናውን ለማረጋገጥ ዋናው የሻንሲ ቁጥሩና ሰነዱ ነው፤ ይህም እንደ ዓመቱ ይለያያል። ከ1966 እስከ 1968 የተሠራ ሸቬል ኤስኤስ 396 ቁጥሩ በ138 ይጀምራል። ከ1969 ጀምሮ ኤስኤስ እንደ ተጨማሪ ምርጫ ስለሚታዘዝ ቁጥሩ ምንም አይናገርም። ጂቲኦ ተቃራኒው ነው፤ በ1964 እና 1965 ሌማንስ በሚባለው የፖንቲያክ ሞዴል ላይ የሚታዘዝ አማራጭ ስለነበር ቁጥሩ ዝም ይላል፣ ከ1966 እስከ 1971 ግን 242 ብሎ ይናገራል። ቁጥሩ ዝም በሚልባቸው ዓመታት የፋብሪካ ወረቀት ይፈለጋል፤ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ላሜራው ይመረመራል። ፋብሪካ የበሳው ቀዳዳ ንጹሕና በልክ ነው። በመሰርሰሪያ የተበሳው ጠርዙ ይጎረብጣል፣ አንዳንዴም ቦታው ይዛነፋል። ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ክፍል የተደፈነ የድሮ ቀዳዳ ከተገኘ ሌላ አርማ እዚያ ነበር ማለት ነው።

በዘመኑ ተሠርቶ ሳይገጠም መጋዘን የተቀመጠ ክፍል በነጋዴዎች ዘንድ ኤንኦኤስ ይባላል። ዋጋው ሰማይ የነካውም ለዚህ ነው። ታዲያ ካርቶኖቹም ኮፒ ይደረጋሉ፤ ካርቶኑን ከማመን እቃውን ማየት ይሻላል። ያረጀ ኦሪጅናልን አጽድቶ፣ ቀዳዳውን ሞልቶ እንደገና ክሮም ማስለበጥም ይቻላል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሲወለወል ጠርዙ እንዳይበላ ጥሩ ባለሙያ ይጠይቃል። የአሜሪካ መስታንግ ክለብ ቶሮብሬድ በሚለው የውድድር ምድብ እንዲህ የታደሱና ኤንኦኤስ የሆኑ የፎርድ ክፍሎችን ይፈልጋል፤ ፈቃድ ያለው ኮፒ የያዘ ሰው በሌሎቹ ምድቦች ይወዳደራል።