«ዳግም የተወለደ ክርስቲያን» ምንድን ነው?

በአሜሪካ የምርጫ ቀን፣ ድምፅ ሰጥቶ የሚወጣውን ሰው በር ላይ ጠብቀው መጠይቅ የሚያስሞሉ ሰዎች አሉ። ዕድሜዎ ስንት ነው? ገቢዎስ? ማንን መረጡ? ከነዚህ መሃል አንድ ለየት ያለ ጥያቄ አለ። «ራስዎን ዳግም የተወለደ ወይም ወንጌላዊ ክርስቲያን ነኝ ይላሉ?» አዎ ወይም አይደለም ብሎ ምልክት ማድረግ ነው።

ቆም ብሎ ላሰበው ይገርማል። ሰው ከኃጢአት እንዴት እንደሚድን የሚናገር ቃል ከዕድሜና ከገቢ ጎን ተሰልፎ ቁጭ ብሏል። የተሰለፈው ግን በከንቱ አይደለም። በ2016ቱ ምርጫ «አዎ» ካሉት ነጮች መካከል 81 በመቶ ያህሉ የወግ አጥባቂው የሪፐብሊካን ፓርቲ እጩ የነበረውን ዶናልድ ትራምፕን መርጠዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዕድሜም ሆነ ገቢ መራጩን ይህን ያህል አይለይም።

እንግዲህ ይህ ቃል ከየት ተነስቶ እዚህ ደረሰ?

የተነሳው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ነው። ኒቆዲሞስ የሚባል የአይሁድ አለቃ በሌሊት ወደ ኢየሱስ ይመጣል። «ሰው ዳግመኛ ካልተወለደ በቀር የእግዚአብሔርን መንግሥት ሊያይ አይችልም» ይባላል። ሰውዬው ግራ ይገባዋል። የሸመገለ ሰው ወደ እናቱ ማኅፀን ተመልሶ ሊገባ ነው እንዴ? አይፈረድበትም። በግሪኩ እዚያ ቦታ ላይ ያለው «አኖቴን» የሚለው ቃል «ዳግመኛ» ተብሎም «ከላይ» ተብሎም ይፈታል። ኒቆዲሞስ የያዘው አንዱን ፍቺ ብቻ ነው።

ሁለት ቁጥር ዝቅ ስንል ኢየሱስ «ከውኃና ከመንፈስ» ስለመወለድ ይናገራል። መንገዱ የሚለያየው እዚህ ጋ ነው። ለኦርቶዶክሱ፣ ለካቶሊኩ፣ ለሉተራኑም ይህ ጥምቀት ነው። ሕፃኑ ሲጠመቅ ዳግመኛ ተወልዷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ በዚያ ልደት መኖር ነው። ወንጌላዊው ግን ልደቱን የሚያየው ሰው አውቆ በሚደርስበት ቅጽበት ውስጥ ነው። ኃጢአተኛ መሆኑን ይረዳል፣ ንስሐ ይገባል፣ ክርስቶስን አምኖ ይቀበላል፤ ያኔ ተወለደ። ስለዚህ ነው «መቼ ነው የዳንከው?» የሚለው ጥያቄ ለአንዱ ትርጉም የማይሰጠው፣ ለሌላው ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያስቆጥረው።

ከዚህ ሥር የቆየ ክርክር አለ። መዳን በእምነት ብቻ ነው ወይስ ሥራም ይጨመርበታል? አንዱ ወገን ኤፌሶን 2ን ያነሣል፤ በጸጋ፣ በእምነት፣ ከሥራ አይደለም። ሌላው ያዕቆብ 2ን ይመዛል፤ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው። ሉተር ከ1517 ጀምሮ አውሮፓን ያናወጠው የመጀመሪያውን ወገን ይዞ ነው። በዚህ ጽሑፍ ክርክሩን አልፈታውም፤ ስንት ሊቅ የደከመበት ነገር ነው። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ወንጌላዊው የቆመው በ«እምነት ብቻ» በኩል መሆኑን መያዝ ነው።

በዚህ ላይ የግል ገጠመኝ ተጨመረበት። ጆን ዌስሊን እንውሰድ። እንግሊዛዊ ቄስ ነው። ክህነት ከተቀበለ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ድረስ ሄዶ ወንጌል ሰብኮ ተመልሷል። ግንቦት 24 ቀን 1738 ማታ፣ ለንደን አልደርስጌት መንገድ ላይ በነበረ ስብሰባ ተቀምጦ ሲሰማ ልቡ እንግዳ በሆነ ሁኔታ ሞቀ። ክርስቶስ ኃጢአቴን በእውነት እንደወሰደልኝ ያረጋገጥኩት ያኔ ነው ይላል። ልብ በሉ፣ ይህ ቄስ ነው! መጠመቁም፣ መቀደሱም፣ መስበኩም አልበቃውም። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተነሡት መነቃቃቶች ሁሉ ይህን ጥያቄ ይዘው ዞሩ፤ በስም ክርስቲያን መሆንህን ተወው፣ አንተ ራስህ ተወልደሃል ወይ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቻርልስ ፊኒ የሚባል ሰባኪ ነገሩን አፋጠነው። ፊኒ መጀመሪያ የሕግ ባለሙያ ነበር፤ ሲሰብክም ዳኞች ፊት እንደሚከራከር ጠበቃ ነው። ልቡ የተነካ ሰው ተነሥቶ ወደ ፊት እንዲመጣና ለዚሁ በተዘጋጀው ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ያደርግ ነበር። ዛሬ በትልልቅ ስብሰባዎች «ወደ ፊት ኑ» ሲባል የምናየው ነገር ከዚያ ጋር ይዛመዳል። መዳን የግል፣ የውሳኔና የአንድ ቀን ጉዳይ ሆነ።

አንባቢ እዚህ ላይ «እና ወግ አጥባቂነቱ የጀመረው ያኔ ነዋ!» ሊል ይችላል። አልጀመረም። ፊኒ ባሪያ አሳዳሪዎችን ቅዱስ ቁርባን አላቀብልም ያለ ሰው ነው። ያስተማረበትና በኋላም የመራው የኦበርሊን ኮሌጅ ጥቁሮችንና ሴቶችን ከነጭ ወንዶች ጋር ያስተምር ነበር። ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ደግሞ በ1925 ቴነሲ ላይ ዝግመተ ለውጥን ባስተማረ መምህር ላይ ቆሞ የተከራከረ አጥባቂ አማኝ ነው። በፖለቲካው ግን ዴሞክራት ነበር፣ ያውም ለገበሬውና ለሠራተኛው ባንኮችን የሚሞግት። መዳንን በተመለከተ የዛሬዎቹ ወንጌላውያን የሚሉትን ይል ነበር። ድምፁ ግን ወዲያ ማዶ ነበር።

ታዲያ ምን ተለወጠ? አንዱ የተለወጠው ስለዚህ ዓለም ያለው ተስፋ ነው። ዲ. ኤል. ሙዲ የሚባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ሰባኪ ዓለምን በተሰበረ መርከብ መስሎ ይናገር ነበር። እግዚአብሔር የነፍስ አድን ጀልባ ሰጥቶኝ «ሙዲ፣ የቻልከውን ያህል አድን» ብሎኛል ይላል። ምሳሌው ቆንጆ ነው፤ ውስጡ ያለው ነገር ግን ከባድ ነው። እየሰመጠ ያለ መርከብ ቀለም አይቀባም። ክርስቶስ እስኪመለስ ዓለም እየከፋች ትሄዳለች ብሎ ያመነ ሰው የፋብሪካ ሕግ ስለማሻሻል ብዙ አይጨነቅም።

በሌላ በኩል ዋልተር ራውሸንቡሽ አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ ሄልስ ኪችን በሚባል የድሆች ሰፈር አጠገብ የባፕቲስት መጋቢ ነበር። የሕፃናትን ቀብር ደጋግሞ ሲያስፈጽም ልቡ ተሰበረ። ኃጢአት በሰው ልብ ብቻ ሳይሆን በደመወዝ፣ በቤት ኪራይና በሕግ ውስጥም ተቀምጧል አለ። ይህ አስተሳሰብ «ማኅበራዊ ወንጌል» ተባለ። ወንጌላውያኑ ደግሞ መዳንን ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ለወጣችሁት ብለው ሸሹት። ሲሸሹ ግን ፊኒ ይዞት የነበረውንም ጥለውት ሄዱ።

ከዚህ መለያየት የቀረው «ልብ ይቅደም» የሚል የአስተሳሰብ ልማድ ነው። የወግ አጥባቂ ፖለቲካና የመዳን ትምህርት የሚገናኙበት ድልድይ በኔ ግምት ይህ ነው። ድህነት? ሰውዬው ይለወጥ፣ ኑሮው ይለወጣል። ወንጀል? ልብ ይታደስ። ዘረኝነት? ነጩም ጥቁሩም ጌታን ይቀበሉ፣ ይዋደዳሉ። ሰው ከውስጥ የሚድን ከሆነ መንግሥት ከውጭ በፕሮግራምና በግብር ምን ይፈይዳል? «መንግሥት ይነስ» ከሚለው አቋም ጋር ለመጋባት ሩቅ አይደለም።

ይህን ልማድ እንዲሁ ማጣጣል ልክ አይመስለኝም። ቻርልስ ኮልሰንን ያየ አያጣጥለውም። የፕሬዚዳንት ኒክሰን ቀኝ እጅ፣ በጭካኔው የሚፈራ ሰው ነበር። በ1973 ኒክሰንን በኋላ ከሥልጣን ያወረደው የዋተርጌት ቅሌት እየከረረ ሲመጣ፣ ከአንድ ወዳጁ ቤት ወጥቶ መኪናው ውስጥ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጥፋቱን አምኖ ሰባት ወር ታሰረ። በ1976 ታሪኩን «ዳግም የተወለደ» ብሎ አሳተመ፤ ቃሉ በመላው አሜሪካ እንዲናኝ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ መጽሐፍ ነው። ቀሪ ዘመኑን ያሳለፈው እስረኞችን በማገልገል ነው። እና ደግሞ የእስር ቤት ሕጎች እንዲሻሻሉ ተሟግቷል። ልቡ የተለወጠው ሰው ወደ ሕጉ ተመለሰ ማለት ነው።

ማርቲን ሉተር ኪንግም ባፕቲስት ሰባኪ ነበር። «ልብ ይቅደም» ለሚሉት የሰጠው መልስ አጭር ነው። ሕግ ሰው እንዲወደኝ ሊያደርግ አይችል ይሆናል፤ እንዳይሰቅለኝ ግን ሊከለክለው ይችላል።

ጄሪ ፎልዌል ያኔ በዚህ አልተስማማም። የቨርጂኒያ መጋቢ ነው። በ1965 በሰልፍ የሚወጡ ሰባኪዎችን ሲገሥጽ፣ ሰባኪ የተጠራው ፖለቲከኛ ሊሆን ሳይሆን ነፍሳትን ሊማርክ ነው አለ። አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1979፣ «የሞራል ብዙኃን» የተባለውን የፖለቲካ ንቅናቄ መሠረተ። የድሮውን ስብከት ራሱ አነሣው፤ ተሳስቼ ነበር አለ።

በመሃል ምን ሆነ? ብዙ ሰው የሚመልሰው «ፅንስ ማቋረጥ» ብሎ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 መብት ነው ብሎ መወሰኑ እውነት ነው። ነገር ግን የአገሪቱ ትልቁ የፕሮቴስታንት ቤተ እምነት የሆነው የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ በ1971 ባወጣው ውሳኔ ሴት ስትደፈር ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ ሲወድቅ እንዲፈቀድ ጠይቆ ነበር። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ያዞረው በ1980 ነው። ከዚያ በፊት ሌሎች ቁስሎች ነበሩ። በ1962 እና በ1963 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ሥርዓት ተከለከለ። በ1970ዎቹ የግብር መሥሪያ ቤቱ ጥቁሮችን የሚለዩ የግል ትምህርት ቤቶችን የግብር ነፃነት ይነጥቅ ጀመር። ከነዚህ አንዱ የሆነው ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ በ1983 ተረታ። የታሪክ ጸሐፊዎች የቱ ይበልጥ ከባድ ነበር በሚለው እስካሁን ይጣላሉ። ለኔ ሁሉም ተደራርበው ይታዩኛል። የዘርን ጉዳይ ከታሪኩ አውጥቶ መናገር ግን ታሪኩን ማጠብ ነው።

አስቂኙ ነገር፣ ቃሉን ወደ ዋይት ሀውስ ይዞት የገባው ዴሞክራት መሆኑ ነው። ጂሚ ካርተር በ1976 ዳግም የተወለድኩ ነኝ ሲል ጋዜጠኞች መዝገበ ቃላት ፍለጋ ሮጡ ማለት ይቻላል። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ባፕቲስት ነበር። በዚያው ዓመት የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ ሲጠይቅ ከአሜሪካውያን አንድ ሦስተኛ ያህሉ «እኔም ነኝ» አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ከነጮቹ ብዙዎቹ ካርተርን ትተው ወደ ሪፐብሊካኑ ሬገን ሄዱ። ሬገን ትዳሩን ፈትቶ ያገባ የፊልም ተዋናይ፣ የካሊፎርኒያ ገዥ ሳለም በ1967 ፅንስ ማቋረጥን ያላላ ሕግ የፈረመ ሰው ነው። ነሐሴ 1980 ዳላስ ላይ ለተሰበሰቡት መጋቢዎች፣ እናንተ እኔን መደገፍ እንደማትችሉ አውቃለሁ፣ እኔ ግን እናንተን እደግፋለሁ አላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ «የዳነ ነው ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ከኛ ጋር ነው ወይ?» የሚለው ሚዛን ደፋ።

ጆርጅ ቡሽ ትንሹ ሁለቱንም ይዞ መጣ። በ1999 የክርክር መድረክ ላይ፣ ይበልጥ የምትቀርበው የፖለቲካ ፈላስፋ ማነው ሲባል «ክርስቶስ፤ ልቤን ስለለወጠው» አለ። ከፈላስፋ ተርታ ክርስቶስን መጥቀሱ አንዳንዱን አሳቀ። ያመነው ግን ወዲያው ገባው።

ጥቁር አሜሪካውያን ክርስቲያኖች በዚህ ታሪክ ዳር ላይ የሚቀመጡ አይደሉም። ብዙዎቹ ዳግም የተወለድን ነን ይላሉ። በእምነት ብቻ መዳንን ይሰብካሉ፣ ወደ ፊት ኑ ይላሉ፣ ቀኑንም ይቆጥሩታል። በምርጫ ግን እጅግ ብዙኃኑ ዴሞክራትን ነው የሚመርጡት። መጠይቁን የሚተነትኑ ሰዎች «ነጭ ወንጌላዊ» ብለው ለይተው የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። ትምህርቱ ብቻውን ድምፁን የሚወስን ቢሆን ኖሮ «ነጭ» የሚለው ቃል ባላስፈለገ።

አሁን አሁን ቃሉ የኋሊት መሄድ ጀምሯል። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ያንኑ ሰዎች በ2016 እና በ2020 ጠይቆ ሲያነጻጽር፣ መጀመሪያ «አይደለሁም» ካሉት ነጮች መካከል ትራምፕን የሚወዱት በኋላ ላይ «ዳግም የተወለድኩ ወይም ወንጌላዊ ነኝ» ወደ ማለት የመሄዳቸው ዕድል ከማይወዱት እጅግ የበለጠ ነበር። ዌስሊ የሞቀው ልቡ ነበር፤ እዚህ ጋ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይቻላል። በተቃራኒው ስሙን የሚያወልቁም አሉ። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከ1930ዎቹ ጀምሮ «የፕሪንስተን ወንጌላውያን ኅብረት» ይባል የነበረው የተማሪዎች ማኅበር በ2017 ስሙን «የፕሪንስተን ክርስቲያን ኅብረት» ብሎ ቀይሯል። የተማሪዎቹ ችግር ከኒቆዲሞስ ጋር አልነበረም። ስሙን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ምርጫ ሆኖባቸው ነው።