ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል

ይቺን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማት ስንቸኩል ነው። «ተረጋጋ» ለማለት ትወረወራለች። እኔ ግን ስለ ዝግታ የተባለች አትመስለኝም።

እስቲ ምስሉን እንየው። እንቁላል እግር የለውም፤ የሚሄደው ጫጩቱ ነው። ዶሮዋ 21 ቀን ያህል ታቅፈዋለች። ከውጭ ላየው ያው እንቁላል ነው። ውስጡ ግን ዓይኑ፣ ምንቃሩ፣ እግሩ በየተራው ይሠራል። ልጅ ሆኖ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ አይቶ «ላግዘው» ብሎ የፈለፈለ ሰው የሚመጣውን ያውቃል። ጫጩቱ ብዙ ጊዜ መቆም ያቅተዋል። እንግዲህ ነገሩ «ዝግ በል» ሳይሆን «ደረጃ አትዝለል» ነው።

ለዚህ የማመጣው ምሳሌ ደግሞ የፍጥነት ሰው ነው፦ አሜሪካዊው ጆን ያንግ፣ የባሕር ኃይል የሙከራ አብራሪ። እ.ኤ.አ. በ1962 በፋንተም ተዋጊ ጄት ተነስቶ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የደረሰው በ34.5 ሰከንድ ገደማ ነው። እኛ ቀበቶ እስክናስር ማለት ነው። ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበለት።

ታዲያ የሙከራ አብራሪ አዲስ አውሮፕላን ሲሰጠው በመጀመሪያው ቀን እስከ ጥግ አይነዳውም። ዛሬ ትንሽ ፍጥነት ይጨምራል፣ ያርፋል፣ ቁጥሮቹ ይታያሉ። ነገ ሌላ ትንሽ።

ያንግ በዚያው ዓመት ናሳ ገባ። በ1965 ጀሚኒ 3 በተባለች መንኮራኩር ምድርን 3 ጊዜ ዞሮ ተመለሰ። (በኪሱ ሳንድዊች ደብቆ ገብቶ ፍርፋሪው ስለተንሳፈፈ ነገር ተነስቶበታል።) በ1966 በጀሚኒ 10 ህዋ ላይ ከሌላ መንኮራኩር ጋር መያያዝን ሠራ። ከዚያ በ1969 አፖሎ 10 መጣ። ሁለት ባልደረቦቹ በማረፊያዋ ወደ ጨረቃ ወረዱ። ያንግ ዋናዋን መንኮራኩር ይዞ ብቻውን ይዞራል። 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራቸው ወደ እሱ ተመለሱ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ 15 ኪሎ ሜትር! ግን የተላኩት ለልምምድ ነበር፤ ማረፉ የአፖሎ 11 ተራ ነው። ያንግ ራሱ ጨረቃን በእግሩ የረገጠው በ1972፣ በአፖሎ 16 ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ደረጃው ተዘሏል። በ1981 ኮሎምቢያ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ህዋ የወጣችው ያለ ሰው አንድም ጊዜ ሳትሞከር ነው። እህቷ ኢንተርፕራይዝ በ1977 አየር ላይ ከአውሮፕላን ተለቃ ተንሳፋ አርፋለች፤ ህዋ ግን አልደረሰችም። ኮሎምቢያ ውስጥ ያንግና ባልደረባው ቦብ ክሪፐን ተቀመጡ። እኔ ብሆን አልገባም። በበረራው ሙቀት ከሚከላከሉት ንጣፎች 16ቱ ረግፈዋል። ካሊፎርኒያ ካረፉ በኋላ ያንግ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ከዚያ በመንኮራኩሯ ሆድ ሥር እየተዘዋወረ፣ ቀና ብሎ ንጣፎቹን ያይ ጀመር።