የገና አባት ከመባሉ በፊት

ታኅሣሥ ሲገባ በደብረ ብርሃን ካፌዎች በር ላይ ነጭ ጢሙን ያንዠረገገ፣ ቀይ ቆብ የደፋ ሽማግሌ ብቅ ይላል። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ እሱ ግን ከፈረንጆቹ ጋር ቀድሞ ይመጣና እስከ እኛው በዓል ይከርማል። ልጆች «ይሄ ሰውዬ የእኛ ነው ወይስ የእነሱ?» ብለው ሲጠይቁ አንዳንዱ መምህር ቶሎ ብሎ «የባዕድ ነገር ነው፣ አትዩት» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውየው ቀይ ቆብ ከመድፋቱ በፊት እኮ ስንክሳራችን (የየዕለቱ የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፋችን) ላይ ያለ ቅዱስ ነው።

ቅዱስ ኒቆላዎስ ይባላል፣ የሜራ ጳጳስ። ሜራ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር አጠገብ የነበረች ከተማ ናት። ክርስቲያኖችን ባሳደደው በሮማው ንጉሥ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ስለ ሃይማኖቱ ታስሮ በቆስጠንጢኖስ ዘመን እንደተፈታ፣ እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ ለጉባኤ ከተሰበሰቡት 318 የቤተ ክርስቲያን አባቶች አንዱ እንደነበረም ይነገርለታል። ዕረፍቱን የምናስበው ታኅሣሥ 10 ነው። ከገና በፊት በሚጾመው በጾመ ነቢያት ላይ ማለት ነው፣ ዶሮውም በጉም ገና ሳይታሰብ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወላጆቹ ሀብት ትተውለት ሞቱ። በከተማው ደግሞ ሀብታም የነበረ፣ ኋላ ግን ያለው ሁሉ አልቆበት የደኸየ ሰው ነበር። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት። መዳሪያ የለም፣ የሚበላም ጠፋ፣ ጭራሽ ልጆቹን ለዝሙት አሳልፎ ሊሰጥ አሰበ። ኒቆላዎስ ይህን ሲሰማ ወርቅ በከረጢት ቋጥሮ በሌሊት ሄደና በመስኮት ወርውሮ ተመለሰ። አባትየው በዚያ ወርቅ ትልቋን ዳረ። ኒቆላዎስ ደግሞ መጣ፣ ሁለተኛዋም ተዳረች። በሦስተኛው አባትየው ሲጠብቅ አደረ፤ ከረጢቱ ዱብ ሲል እየሮጠ ወጥቶ ደረሰበትና እግሩ ላይ ወደቀ። ቅዱሱ ግን ምስጋናውን አልቀበልም አለ። ይህን አሳብ በልቤ ያኖረውን እግዚአብሔርን አመስግን አለው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለምን በሌሊት? በቀን ጠርቶ ቢሰጠውስ ምን ነበረበት? ከብሮ የኖረ ሰው ሲደኸይ ከረሃቡ ይልቅ እፍረቱ ነው የሚገድለው። የእኛ አገር ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። መንዝ ሂዱ፣ ተጉለት ሂዱ፣ ውርጭ ገብሱን ቢመታበት እንኳ ከነገሩ ጦም እደሩ ብሎ በሩን ዘግቶ የሚያድር አባወራ ሞልቷል። እንዲህ ያለውን ሰው በአደባባይ ጠርታችሁ እህል ብትሰፍሩለት አይወስድም፣ ጨንቆት ቢወስድም ከዚያ ወዲያ ዕድር ላይ ቀና ብሎ አይናገርም። ኒቆላዎስ ወርቁን ሲሰጥ የሰውየውን ክብርም አብሮ ጠበቀለት። እኛ ደግሞ አንድ ጀሪካን ዘይት ሰጥተን፣ እናትዮዋን አቁመን፣ ፈገግ በይ ብለን ቪዲዮ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ እንለቀዋለን፤ ሙዚቃም እንጨምርበታለን ኧረ። «አንተ ግን ምጽዋት ስታደርግ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለው ቃል ለካሜራም ይሠራል።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የምንዘለው። የሦስቱ ልጆች አባት የተመሰገነ ሰው አልነበረም። የገዛ ልጆቹን ሊያረክስ የተዘጋጀ ነው። የአሁኑ የገና አባት ለጨዋ ልጅ ይሰጣል፣ ባለጌውን ይዘልላል ይባላል። በዚህ ሒሳብ የሀብታም ልጅ ሁልጊዜ ጨዋ፣ የድሃ ልጅ ሁልጊዜ ባለጌ ሊሆን ነው፤ ስጦታው የሚወጣው ከአባት ኪስ ነዋ! ቅዱሱ ግን ሊበድል ለተነሣ ሰው ሰጠ፣ በስጦታውም ከበደሉ መለሰው። ይህን ከጌታው ነው የተማረው። «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና» ይላል ጳውሎስ። በቤተልሔም የተሰጠንን ስጦታም ማናችንም በጨዋነታችን አላገኘነውም።

ታዲያ ጳጳሱ እንዴት አጋዘን ጋላቢ ሆነ? ባጭሩ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1087 የባሪ መርከበኞች ዐፅሙን ወደ ጣሊያን ወሰዱት። ሆላንዶች በቅዱሱ በዓል ለልጆች ስጦታ ይሰጡ ነበር፣ ይህ ልማድ ከነስሙ አሜሪካ ገባ። በ1823 አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ያወጣው ግጥም አጋዘኖች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ላይ አስቀመጠው፣ ከ1863 ጀምሮ ቶማስ ናስት የሚባል ሠዓሊ ቦርጫም አድርጎ ሣለው፣ ከ1931 ጀምሮ ደግሞ የኮካ ኮላ ማስታወቂያዎች ይህን መልኩን በዓለም አዳረሱት። (ቀዩን ልብስ ኮካ ኮላ ነው ያለበሰው የሚባለው ግን ልክ አይደለም፣ ከዚያ በፊትም በቀይ ይሣል ነበር።) መስቀሉ ቀረ፣ ጾሙ ቀረ፣ ጸሎቱ ቀረ። ከረጢቱ ብቻ ተረፈ።

ወደ ደስታው ልምጣ። ሐዋርያት ሥራ 20 ላይ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት፣ «ከሚቀበል ይልቅ የሚሰጥ ብፁዕ ነው» የሚለውን የጌታን ቃል አሳስቧቸው መርከብ ይሳፈራል። ቀጥሎ ምዕራፍ 21ን ብትገልጡ መርከቡ ካረፈባቸው ከተሞች አንዷ ጳጥራ ናት። ኒቆላዎስ ተወለደባት የምትባለው ከተማ! ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በዚያው ባሕር ዳር ቃሉን በተግባር የፈጸመ ልጅ ተነሣ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ግን እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «መስጠት ያስደስታል፣ ስለዚህ ደስ እንዲለኝ ልስጥ» የሚል ስብከት አሁን በዝቷል። እንዲህ የሚል ሰው አሁንም ለራሱ ዕቃ እየገዛ ነው። የቅዱሳን ደስታ የሚመጣው ስጦታው ካገናኛቸው ጌታ ነው፤ «ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ ለአንዱ እንኳ ስላደረጋችሁት ለእኔ አደረጋችሁት» ካለው። ስለዚህ የተቀበለው ሰው ባያመሰግን አይቀንስም፣ ማንም ባያይ አይጠፋም።

ለዚህ እኛ ሰሜን ሸዌዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ታኅሣሥ 24 ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ቡልጋ ኢቲሳ የምትሄዱ ታውቁታላችሁ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ በየወሩ የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር እየዘከሩ ድሃ ያበሉ ነበር። ልጃቸውም ጌታ ሲጠራው ንብረቱን ለድሆች በትኖ፣ የቤቱን በር እንደተከፈተ ትቶ፣ የመንግሥተ ሰማያትን በር ክፈትልኝ ብሎ ወጣ። እኛ በሩን በሦስት ቁልፍ ቆልፈን እንኳ እንቅልፍ የለንም።

ጾሙ ሳያልቅ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ የሥጋውና የወተቱ ገንዘብ እጃችሁ ላይ አለ፤ እግዚአብሔር ስለሚወደው ጾም የሚናገረውን ኢሳይያስ 58ን አንብቡና አስቡበት። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ለእናንተ አልነግራችሁም። መጠለያ ያሉ ተፈናቃይ ወገኖቻችን አሉ፣ አንድ ብርድ ልብስ ትልቅ ነገር ነው። ሰፈር ሱቅ ደግሞ የዱቤ ደብተር አለ። ልጆች ያሏት፣ ዱቤው የከበደባት እናት ማን እንደሆነች ባለሱቁ ያውቃል። ሂሳቧን ዝጉና ማን እንደከፈለ እንዳይናገር አደራ በሉት። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ እነሱም ምስጢር መጠበቅ ይልመዱ። ስልኩን ግን ቤት ተዉት።