በጅማ ጓሮ የሚሸቱ ተክሎች

ጅማ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው የሚሸት ተክል አያጣም። ከበሩ አጠገብ ጤና አዳም፣ ከአጥሩ ሥር ጠጅ ሳር፣ ከኩሽናው ጀርባ በሶብላና ኮሰረት ይኖራሉ። ቡና ሲፈላ አንዱ ልጅ ሮጦ ጤና አዳም ቆርጦ ይመጣል። ምች የመታው ጎረቤትም ዳማከሴ ፍለጋ በር ያንኳኳል፤ ስጡኝ ሲባል እምቢ የሚል የለም።

ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ከመጋቢት እስከ መስከረም ሰማዩ ብዙም አይጨክንም። ስለዚህ ማብቀል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሽታው ነው። መዓዛው ቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ነው። ብዙዎቹ ተክሎች ዘይቱን በደንብ የሚሠሩት ፀሐይ ሲያገኙና ውኃ ሳይበዛባቸው ነው። ደመናና ጭቃ ሲበዛ ቅጠሉ ይወፍራል፣ ሽታው ግን ይሳሳል። የማያምን ነሐሴ ላይ አንድ ጤና አዳም ቀጥፎ ያሽት፤ ጥር ላይ ይድገመው።

ጤና አዳም የጅማን ክረምት ከማይወዱት ዋነኛው ነው። ድንጋያማና ደረቅ ቦታ ይስማማዋል። ውኃ በሚተኛበት ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ሥሩ ይበሰብሳል። እኔ ከግቢው ዝቅ ያለ ጥግ ላይ ሦስቴ ተክዬ ሦስቴም ቀብሬዋለሁ። መጀመሪያ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ሰው ታዲያ የጠማው መስሎት ውኃ ይጨምርለታል፤ እዚያው ላይ አለቀ። አራተኛውን አሸዋና ጠጠር ቀላቅዬ ከፍ ባለ መደብ ላይ አደረግሁት፤ እስካሁን አለ። አንድ ጥንቃቄም አለ። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ብዙ የሚቆርጥ ሰው እጁን ቢታጠብ ይሻለዋል።

ሮዝመሪም፣ ማለትም የጥብስ ቅጠል፣ ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። ጦስኝ ደግሞ የደጋ ልጅ ነው። ሀገር በቀሉ ጦስኝ ከ2,200 ሜትር በላይ ባሉ ተራሮች ላይ ስለሚበቅል እዚህ ባይደላው አይገርምም።

ለጅማ የተፈጠሩ የሚመስሉም አሉ። ጠጅ ሳር ከግንዱ ተከፍሎ ከተተከለ ወዲያ እንክብካቤ አይጠይቅም። ዳማከሴ ቅርንጫፉ ተሰክቶ ይጸድቃል። ኮሰረትም እንዲሁ። በኦሮምኛ ኩሳዬ የሚባለው እሱ ነው፤ ያለ እሱ የተነጠረ ቅቤ ለኔ ቅቤ አይደለም። ኮረሪማ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ተክል ስለሆነ ጥላ ይፈልጋል፤ ሙዝ ወይም አቮካዶ ሥር ይመቸዋል። ፍሬ እስኪሰጥ ግን ዓመታት ይፈጃል። ናና ደግሞ ከመመቸት አልፎ ይዳፈራል። ዛሬ ጥግ ሰጥተኸው በዓመቱ ጎመኑን አባርሮ ታገኘዋለህ። ናናን በተቀደደ ባልዲ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ማሰር ነው። ለተከራይም ጀሪካን ይበጃል፤ ቤት ሲቀየር አብሮ ይጫናል። ታችኛውን መብሳት ብቻ አይረሳ።

በሶብላ ለብቻው ወሬ አለው። ፈረንጅ ቅጠሉ እንዲበዛለት አበባውን እየቀነጠሰ ይጥላል። እኛ ለሽሮና ለበርበሬ የምንፈልገው ያንኑ አበባ ነው። በየዓመቱ ከዘር ይዘራል፤ ችግኙ በከባድ ዝናብ በቀላሉ ይበሰብሳል። እኔ መስከረም ላይ እዘራለሁ፤ ሲያብብ ፀሐዩ ይጠብቀዋል።

ስለ ማዳበሪያ ካነሳን፣ የቡና ከተማ ውስጥ የቡና ገለባ ሞልቷል። ብዙ ሰው ትኩሱን ተክሉ ሥር ይከምረዋል። ይህ ስህተት ነው። ያልበሰበሰ ገለባ ሲብላላ ይግላል፤ በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒን ችግኝ ይጎዳል። ወራት ከርሞ ሲጠቁር ግን ግሩም ነው። አፈሩ ኮምጣጣ ስለሆነ ትንሽ የእንጨት አመድም ይረዳል፤ በተለይ ለጤና አዳም።

ጽጌረዳ እርጥበቱ ቅጠሏን በጥቁር ነጠብጣብ ያዥጎረጉረዋል፤ እንቡጧን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይወርረዋል። ክሽክሹን በሳሙና ውኃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቀንድ አውጣን ማታ በባትሪ መልቀም ነው። ለዶሮ ግን መድኃኒት የለውም። አዲስ የተቆፈረ መደብ ካየች የጠዋት ሥራህን በአምስት ደቂቃ ትበትነዋለች። አጥር፣ አለዚያም ዶሮ ወጥ።

ማድረቁ ሌላው ራስ ምታት ነው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ኮሰረት ቶሎ ይደርቃል፣ ሽታው ግን አብሮ ይተናል። ጥላ ላይ ነፋስ እያገኘ መድረቅ አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ በጅማ አይታሰብም፤ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ማድረቅ ይመረጣል። በደንብ የደረቀው ሲታሽ ይሰባበራል፤ በጠርሙስ ተከድኖ ጨለማ ቦታ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ልፋት ታዲያ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ በአንድ ዝናብ መና ይቀራል። ዝናቡ ከጣለ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ በየጓሮው ያለው ቡና በአንዴ ነጭ ይለብሳል። ሽታው ከጃስሚን ጋር ይመሳሰላል፤ መንገድ ላይ ሁሉ ይደርሳል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይረግፋል። በነዚያ ቀናት የኔን ጤና አዳም ዞር ብሎ የሚያየው የለም።